ባልዲው ሳይነሣ መሐንዲሱ ደረሰ

ርእሰ አንቀጽ



ከነሐሴ ጀምሮ የወረደው ዝናብ እነሆ ወደ ማብቂያው ተቃርቧል። ጣሪያችን ሲያፈስ ከሥሩ ያስቀመጥነው ባልዲና ሳፋ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባልዲው ሲነሣ ቀዳዳውም አብሮ ይረሳል። ይህ የየዓመቱ ልማዳችን ነው። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከዚህ ልማድ ነፃ ነኝ አይልም፤ በቤቱ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ከአልጋው አጠገብ ሦስት ክረምት ተቀምጦ እንደ ቤት ዕቃ ተቆጥሯል። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ግን ይህች የተረሳች ቀዳዳ፣ ያች የተሰነጠቀች ግድግዳ፣ ያ መስተዋት የሌለው መስኮት የባንክ መሐንዲስ በራችንን ባንኳኳ ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍሉን ነው።

ነገሩን በምናውቀው እንጀምር። ስማቸውን የማንጠራቸው አንዲት አዴ ቤታቸውን ለመሸጥ ተስማሙ። ባለቤታቸው ታመው ለሕክምና አዲስ አበባ መሄድ ነበረባቸው። ገዢው ደመወዝተኛ ስለሆነ ዋጋውን የሚከፍለው ከባንክ ተበድሮ ነው። ቀብድ ተሰጠ፣ ሽማግሌዎች ቡና ጠጡ፣ በሁለት ሳምንት ያልቃል ተባለ። መሐንዲሱ መጣ፤ የፊቱን ቤት ለካ፤ ምንም አልወጣለትም። ወደ ጓሮ ሲዞር ግን ቆም አለ።

«እናቴ፣ ይህ ክፍል እኮ ፕላኑ ላይ የለም።»

«ልጄ፣ የበኩር ልጄ ሲያገባ የቀጠልናት ናት። ማንን ትጎዳለች?»

«አትጎዳም። ግን የማላገኘውን ክፍል ልገምት አልችልም። ኮርኒሱስ መቼ ነው የወረደው?»

ኮርኒሱ የወረደው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። ሁለት ቆርቆሮ ዝጎ ውሃ ያስገባ ነበርና የጭቃው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ረጥቦ ምርጊቱ ተገምሷል። የኤሌክትሪኩም ሽቦ ተራቁቶ ተንጠልጥሏል። መሐንዲሱ «ጥገናው ተጠናቆ፣ የተቀጠለው ክፍል ፈቃድ ቀርቦበት በድጋሚ ይታይ» ብሎ ጽፎ ሄደ። መሐንዲሱ ደግሞ የአንድ ከተማ ሰው አይደለም፤ ብዙ ወረዳ ያዳርሳል፤ በሄደ ማግስት አይመለስም። የጥገናው ሥራ የሁለት ቆርቆሮ፣ የጥቂት ሚስማርና የአንድ ቀን ተኩል የሠራተኛ ጉልበት ነበር። ገንዘቡ የተለቀቀው ግን በአራተኛው ወር ነው። ባለቤታቸው አዲስ አበባ የሄዱት ዘመድ አዋጥቶና ተበድሮ ነው፤ በሚገባው ጊዜም አልሄዱም። ዛሬ ደኅና ናቸው፣ ተመስገን። አዴ ግን ብድሩን ሲከፍሉ የቤታቸው ዋጋ ግማሽ የት እንደ ገባ እስካሁን ይጠይቃሉ።

እንዲህ ያለው ነገር የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት ቢሆን ኖሮ ለሰሌዳ አይበቃም ነበር። ነገር ግን በሮቤም በጎባም ቤቱን የሚያስይዝ ሰው በዝቷል። ድሮ ለቤት የሚያበድር የታወቀ አንድ በር ነበር፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ። እሱም በ1987 ስሙን ለውጦ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፤ በ2008 ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በ2014 ጎህ ቤቶች ባንክ የቤት ብድርን ዋና ሥራው አድርጎ ተነሣ። የእኛ ሰው ግን ቤቱን የሚያስይዘው ለቤት መግዣ ብቻ አይደለም። በስንዴና በገብስ አጨዳ ወቅት እህል ለመግዛት፣ ሱቅ ለማስፋት፣ መኪና ለማውጣት፣ ልጅ ለማስተማር ያስይዛል። ለዚህ ሁሉ በሩ አንድ ነው፤ መሐንዲሱ ይገምታል፣ ባንኩ በግምቱ ልክ ያበድራል።

ታዲያ ቤቱ ለምን ይህን ያህል ይታያል? ቦታው ዋጋ የለውም ወይ? ብሎ የሚጠይቅ አለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እኛ የምናስይዘው ቤታችንንና የመጠቀም መብታችንን ነው። በሌላ አገር ቤቱ ቢፈርስ መሬቱ ይቀራል፤ ባንኩም በመሬቱ ይጽናናል። እኛ ዘንድ ግን መሐንዲሱ ዓይኑን የሚጥለው ከሁሉ በፊት በግድግዳው፣ በጣሪያውና በወለሉ ላይ ነው። በየካሬ ሜትሩ የሥራውን ዓይነት ይተምናል፤ ያረጀውን ይቀንሳል፤ ያላለቀውን ይቀንሳል። ሊሾ ያልፈሰሰበት ወለል፣ በር የሌለው ክፍል፣ ልስን ያልነካው ብሎኬት ሁሉ በወረቀቱ ላይ ቅናሽ ሆኖ ይወርዳል።

ግምቱ ካለቀ በኋላም ገንዘብ ወዲያው አይመጣም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የመያዣ ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል፤ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተመዘገበም ውጤት የለውም ይላል። ባለትዳር ከሆንን የሁለታችንም ፊርማ ያስፈልጋል። የግብር ደረሰኝ ይጠየቃል፤ የእሳት መድን ይጠየቃል። ይህ ሁሉ በተራ የሚሄድ ነው። አንዱ ሲቆም የኋላው ሁሉ ይቆማል። ከሁሉ በፊት ያለችው ደግሞ የመሐንዲሱ ጉብኝት ናት።

መዘግየቱ ራሱ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ጣሪያው ኋላ ከፍ ቢደረግም፣ ባንክ ገንዘብ ያለውን ያህል ሁልጊዜ እንደማያበድር ያን ጊዜ ተምረናል። ፋይሉ የተሟላ ሰው ቀደም ብሎ ወሰደ፤ «ጥገና ይቀረዋል» የተባለው ሲመለስ ተራው አልፏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የቆርቆሮና የብረት ዋጋ እንዴት እንደ ወጣ ሱቅ የሄደ ሁሉ ያውቃል። በመስከረም የተጠየቀ ዋጋ በጥር አይገኝም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

በመጀመሪያ ጣሪያውን። ቆርቆሮ የሚያፈሰው አብዛኛውን ጊዜ በሚስማሩ ቀዳዳና በመደራረቢያው ነው። በረዶ ሲመታው፣ ነፋስ ሲያነሣው ሚስማሩ ይላላል። የላላውን ነቅሎ በአዲስ መተካትና ቀዳዳውን በሬንጅ መድፈን ለአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አሸንዳ ከሌለ ደግሞ ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ መሠረቱ ሥር ይቆማል። እኛ አገር ዝናቡ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ አንድ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ደግሞ ሌላ። የጭቃ ግድግዳችንም በዓመት ሁለት ጊዜ ይረጥባል። የሌላ አገር ሰው ምርጊቱን በዓመት አንድ ጊዜ ቢያድስ ይበቃው ይሆናል፤ እኛን አይበቃንም።

ሁለተኛው ስንጥቅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሮቤና የሲናና ሜዳ አብዛኛው አፈር ዋልካ ነው፤ ብዙዎቻችን ኮቲቻ የምንለው። ስንዴ ሲያበቅል ይመሰገናል፤ ቤት ሲሸከም ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ በጋ ላይ ደርቆ ይሸማቀቃል፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቤቱም ከላዩ እንደ ጀልባ ይነሣል፣ ይወርዳል። መሐንዲሱ ይህን ስለሚያውቅ ስንጥቅ ባየ ቁጥር ቆም ብሎ ያያል። ስንጥቅ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ላዩ ላይ ብቻ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ የልስኑ ነው፤ ልስኑ ቶሎ ደርቆ ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ፣ በውስጥም በውጭም የሚታይ ስንጥቅ ግን የመሠረት ነው። የመጀመሪያውን ልሰነው፣ ቀባው። ሁለተኛውን በቀለም መሸፈን ራስን ማታለል ነው፤ ከሚመጣው ዝናብ በኋላ ያው ቦታ ተመልሶ ይከፈታል። መሐንዲሱ ትኩስ ቀለም በአንድ ጥግ ብቻ ሲያይ ደግሞ ይበልጥ ይጠረጥራል። የስንጥቁን ጫፍና ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ ቀን ጻፉበት። ምልክቱን አልፎ ከሄደ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነውና ባለሙያ ይጠራ። ካልሄደ ጽሑፉ ራሱ ለመሐንዲሱ ማስረጃ ይሆናል። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ሳይሆን ከውሃው ነው፤ ከቤቱ ዙሪያ ውሃውን የሚያርቅ ቦይ መቆፈር፣ ከግድግዳው ጥግ የተተከለውን ባሕር ዛፍ ማንሣት። ባሕር ዛፍ በበጋ ከሥሩ ያለውን እርጥበት መጥጦ ዋልካውን ያደርቀዋል። ለአጥር ብለን ከመኝታ ቤታችን ሁለት እርምጃ ርቀን የተከልነው ስንቶቻችን ነን?

ጎባ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። እዚያ የጥድ ቋሚ ያላቸው አሮጌ ቤቶች አሉ፤ ጥድ ደግሞ ቶሎ የሚበሰብስ እንጨት አይደለም። ቢሆንም ቋሚው መሬት የሚነካበት ቦታ ላይ በምስማር ወጋ ወጋ አድርጎ ማየት ያስፈልጋል። ምስማሩ ያለ ትግል ከገባ ቋሚው አልቋል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉ የሚያዘገየውም እሱ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተሠራው ጥገና። ብዙ ሰው ጥገናና ለውጥ አንድ ይመስለዋል። የወደቀ ምርጊት መመለስ ጥገና ነው። የጭቃውን ግድግዳ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት፣ ጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት መቀጠል፣ ሳሎኑን ወደ መንገድ ከፍቶ ሱቅ ማድረግ ግን ጥገና አይባልም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ነባር ሕንፃን ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ጭምር ግንባታ ብሎ ነው የተረጎመው፤ ግንባታ ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። መሐንዲሱ በአንድ እጁ ካርታውንና ፕላኑን፣ በሌላው ሜትሩን ይዞ ነው የሚመጣው። ወረቀቱ ሦስት ክፍል ብሎ ቤቱ አምስት ከሆነ፣ ያማረው አምስተኛ ክፍል ራሱ እንቅፋት ይሆናል። የአጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። «ጎረቤቴ ፈቅዶልኝ ነው» ብለን ሁለት ክንድ የገፋነው አጥር በልኬት ቀን ይወጣል። እዚህ ሰፈር ውስጥ በፈገግታ የተሰጠ ሁለት ክንድ በልኬት ቀን ሲያጣላ አይተናል።

የኤሌክትሪክ ነገር አጭር ነው። የተራቆተ ሽቦ ቤት ያቃጥላል፤ መድን ሰጪውም አይወደውም፤ ሶኬቱን በባለሙያ አስጠግኑ። ቆጣሪው በሟች አባታችን ስም ከሆነም ዛሬ ነገ ሳንል እናዙረው።

አንዳንድ ሰው «እነዚህ ባንኮች ድሃን ለማጉላላት የፈጠሩት ሰበብ ነው» ይላል። እኛ እንደዚያ አናምንም። በውጭ ያሉ ልጆቻችንን ብንጠይቅ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩናል። በአሜሪካ የፌዴራል ቤቶች አስተዳደር ዋስትና በሚሰጠው ብድር ቤት ለመግዛት ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተሠራና ቀለሙ የተላጠ ከሆነ፣ ተፍቆ እስኪቀባ ድረስ ጉዳዩ አያልቅም። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርበት ስለሚችል ነው። በተላጠ ቀለም ምክንያት የዕቃ መኪና ተከራይቶ የቆመ ሰው እዚያም አለ ማለት ነው። አበዳሪ ሁሉ ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ዕቃ ያያል። እኛ አገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ በውሉ ከተስማማን የሠላሳ ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። እንግዲህ ቤቱን ነገ ሊሸጠው የሚችል ሰው ዛሬ በደንብ ቢያየው ምን ይገርማል?

ይሁን እንጂ ባንኮቹንም አንድ ነገር ሳንላቸው አናልፍም። መሐንዲሱ በመጀመሪያው ጉብኝት ያየውን ጉድለት ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይስጥ። ዛሬ ጣሪያ፣ በሚቀጥለው ወር ሽቦ፣ ከዚያ ደግሞ ሽንት ቤት እየተባለ በየተራ ሲነገር ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ሦስት ጊዜ ይጠብቃል። ማዘጋጃ ቤትም ቢሆን ለቀድሞ ቅጥያዎች የሚቀርብለትን ማመልከቻ «ነገ ና» ከሚል በስንት ቀን እንደሚመልስ በራፉ ላይ ቢለጥፍ ለሁሉም ይቀላል። ማኅበራችን ይህን በደብዳቤ ሊያቀርብ አስቧል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባችሁን አምጡ።

ቤቱን የማያስይዝ፣ የማይሸጥም ነዋሪ «ይህ እኔን አይመለከተኝም» እንዳይል። ብድር የሚያስፈልግበት ቀን አስቀድሞ ደብዳቤ አይጽፍም። አዴም ቤታቸውን እንደሚሸጡ ባለቤታቸው እስኪታመሙ ድረስ አያውቁም ነበር።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት አራት ወራት ደረቅ ናቸው፤ መጋቢት ከገባ ጭቃው ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጎባ ላይማ ይብሳል። የሲሚንቶ ልስን ማታ ላይ አትለስኑ፤ ብርዱ ሳይጠነክር ያዘዋልና ይረግፋል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ጀምሮ ቀትር ላይ መጨረስ፣ ማታ በማዳበሪያ ጆንያ መሸፈን፣ ከዚያም ሳምንት ያህል ቀን ቀን ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ለጭቃ ምርጊት ደግሞ ጭዱ ከጭቃው ጋር ጥቂት ቀን ይብላላ፤ በአንድ ቀን ተቦክቶ የተለጠፈ ምርጊት በአንድ ዝናብ ይወርዳል። ይህን ከእኛ ይልቅ እናቶቻችን ያውቁታል።

በሰፈራችን ጣሪያ ላይ መውጣት የማይችሉ አዛውንቶች፣ ወንድ ልጃቸው ርቆ የሚኖር እናቶች አሉ። ለእነሱ በኅዳር ሁለት እሑዶች በደቦ እንድንወጣ የማኅበሩ ኮሚቴ ወስኗል። ቆርቆሮና ሚስማር ባለቤቱ ያቀርባል፤ ጉልበቱ የእኛ ነው፤ አቅም የሌለውን ማኅበሩ ካለው ላይ ያግዛል። የአናጢ ሙያ ያላችሁ፣ ኤሌክትሪክ የምታውቁ ወጣቶች ስማችሁን ለጸሐፊው ስጡ። የጠቀስናቸው አዴም «ለእኔ ያልደረሰው ለሌላው ይድረስ» ብለው ለሁለቱም እሑዶች ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብለዋል።

የማኅበሩ ረጅም መሰላል ተጠግኗል፤ በጸሐፊው ግቢ ይገኛል። የሚወስድ ሰው በደብተሩ ላይ ይፈርም፤ በሦስተኛው ቀን ይመልስ። ባለፈው ዓመት የወሰደው ነዋሪ ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ የጠፋውን አንድ መወጣጫ ስላሠራልን እናመሰግነዋለን።